ከገና በፊት የሚሰፋ ባንዲራ

ሰኞ፣ ኖቬምበር 17

የሒሳብ ኮርሴ ተሰረዘ። የተመዘገበው አራት ልጅ ብቻ ነው። ከአራቱ አንዱ ዛሬ ጠዋት መጥቶ «ቲቸር፣ በስህተት ነው የጻፍኩት» ብሎ ስሙን አስፋቀ፤ ስለዚህ ሦስት።

ከሥሩ ልጻፈው፣ አለበለዚያ ንዴቴ ነገ ለራሴም አይገባኝም። ሐሳቡ የአዲሷ ርእሰ መምህርታችን የማዳም ባርትልስ ነው፤ ከአክራ ከሥልጠና ይዛው መጣች። ከገና ዕረፍት በፊት ባሉት አራት ሳምንታት፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ መደበኛ ትምህርት የለም። ከሰባተኛ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ያለ ልጅ ሁሉ የወደደውን አጭር ኮርስ ይመርጣል። ዳቦ መጋገር፣ ከበሮ፣ ዶቃ፣ የሞባይል ጥገና። ዲሴምበር 19 ወላጅ ይጠራል፣ ሥራው ይታያል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ። ከአሥር ልጅ በታች የተመዘገበበት ኮርስ ይሰረዛል።

እኔ «የቁጥር እንቆቅልሽ» ብዬ ነበር ያስመዘገብኩት። ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ በዳቦ ተሸነፍኩ።

ማዳም «አይዘኑ ሚስተር ኤሱማን፣ አንድ ቦታ አናጣልዎትም» አለችኝ። ልጄ ልትሆን የምትችል ሴት ናት። ማን አዘነ አላት?

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 19

ቦታው ተገኘ። ባንዲራ ስፌት። ሠላሳ አንድ ልጅ ተመዝግቧል፤ ከሁሉም ኮርስ የበለጠ። የሚያስተምረው ባለሙያ የመምህርነት ወረቀት ስለሌለው ደንቡ ወረቀት ያለው መምህር ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ ይላል። ወረቀት ያለውና ሥራ የሌለው እኔ ነኝ።

ባለሙያው ታላቅ ወንድሜ ኤቦ ነው።

«አልችልም» አልኳት። «ለምን?» አለች። «የማርመው ወረቀት አለኝ» ብያት ወጣሁ።

ማታ ለአራባ ነገርኳት። ባለቤቴ በቅጠል የተቀቀለ የበቆሎ ኬንኬ ስትፈታ ቀና እንኳ አላለችም። «አሥራ አንድ ዓመት ስትሸሸው ኖረህ እግዜር በኮርስ አመጣልህ» አለችኝ። ማንንም አልሸሸሁም። አንድ ከተማ ውስጥ ነው የምንኖረው። ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ካጋጠመን።

አባታችን የሁለተኛው ጭፍራ ባንዲራ ሰፊ ነበር። እዚህ ከተማ ሰው ጭፍራውን ከአባቱ ይወርሳል፤ አንደኛና ሁለተኛ ጭፍራ ድሮ የጦር ነበሩ፣ ዛሬ የባንዲራና የኩርፊያ ናቸው። ኤቦ መርፌውን ወረሰ፣ እኔ ኮሌጅ ገባሁ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አባባ ሲሞት ጭፍራው ሣጥኑን በባንዲራ ሸፍኖ እየጨፈረ ሊወስደው ተነሳ። እኔ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ፤ ለቤተ ክርስቲያናችን ይህ የአረማውያን ልማድ ነው፣ ፓስተሩም በር ላይ ቆሞ እያየ ነበር። ባንዲራውን ከሣጥኑ ላይ አነሳሁት። ያደረግኩት ይኸው ነው። አነሳሁት እንጂ ሰዎች እንደሚያወሩት አልቀደድኩትም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 24

መጀመሪያው ቀን። ለታሪክ ይመዝገብ፤ ተዋርጃለሁ።

ኤቦ መጣ። በሩ ላይ መቃኑን ይዞ ቆመ፣ እስኪቀበሉት እንደሚጠብቅ ባለሥልጣን። ለክፍል ሥርዓት ስል በአክብሮት ተነሳሁና «እንደምን ዋሉ፣ ኤጃ ኤቦ» አልኩት፤ ኤጃ ለአባትና ለታላቅ የሚባል ነው። ዞሮ ወደ ኋላው አየ።

«ማንን ነው አንቱ የምትለው ፊፊ? አባባ ከኋላዬ ቆሟል እንዴ?»

ሠላሳ አንድ ልጅ። «ፊፊ!» የሚል ሹክሹክታ ከፊት ወንበር ተነስቶ የኋላው ግድግዳ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ፊፊ ዓርብ የተወለደ ሕፃን ስም ነው፤ የሃምሳ አራት ዓመት የሒሳብ መምህር ስም አይደለም። አሥር ሰዓት ላይ የዳቦዎቹም ልጆች ያውቁት ነበር።

ደግሞ ጠረጴዛው መስኮት ሥር ካልሆነ አልቀመጥም አለ። አራት ልጅ ተሸክሞ አዞረለት። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት የተማሪ ሥራ ነው ብሎ አወጀ። አባባ እንዲህ ብሎ አያውቅም፤ አባባ የራሱን ክር ራሱ ነበር የሚያስገባው። ስንፍና በእርጅና ሲመጣ ሕግ ይሆናል።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 26

ስብሰባ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ስለ ዳቦ ምድጃ። የፈተና ወረቀት አልታረመም።

ልጆቹ ሰኞ ለባንዲራው ሥዕል በድምፅ ብልጫ ጀልባ መረጡ፤ ሁሉም የሚቀዝፉበት ጀልባ። ጥሩ። እንስፋው ስል ኤቦ አይሆንም አለ። ሥዕሉ መጀመሪያ ለሁለቱም ጭፍራ ሽማግሌዎች መታየት አለበት፤ ያልታየ ባንዲራ አደባባይ አይወጣም። ለአንድ የትምህርት ቤት ጨርቅ ሁለት የሽማግሌ ጉባኤ! ትናንት ማክሰኞ ስለነበር፣ ጀልባም ስለማይወጣ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አዳርሷል። ተስማሙ። ቀይ የአንደኛው ጭፍራ ነው፣ ሰማያዊ የእኛ፤ ትምህርት ቤቱ የማንም ስላልሆነ መደቡ፣ ጀልባው የሚሰፋበት ጨርቅ፣ የማንም ያልሆነ ቀለም ይሁን፤ አረንጓዴ።

ይህን ሁሉ ቆሞ ሲያስረዳ ልጆቹ ትንፍሽ አላሉም። እኔ ስለ ክፍልፋይ ሳስረዳ ያዛጋሉ።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 1

አንዲት ልጅ አለች፣ ኤኩዋ ኒያርኮ። ስምንተኛ ክፍል። እናቷ ዓሣ አጫሽ ናት። ምላሷ ከመርፌው ይሾላል። ከኤቦ ጎን ተጣብቃ ውላ ትሄዳለች። «ኤኩዋ ዓይኔ፣ ነይ እስቲ» ይላታል፤ ትሮጣለች። ይንሾካሾካሉ፣ ይሳሳቃሉ። ሥራ እንዳልል፣ ዛሬ ጆሮዬን ጥዬ ሰማኋቸው።

«ይኼስ?»

«ነጭ።»

«ይኼኛውስ?»

«ቢጫ ነው ኤጃ። ጫፉ ቆሽሿል ግን።»

«ጎሽ። ይኼስ?»

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሙሉ ከሰዓት ቀለም ሲያስቆጥራት ዋለ! መዋዕለ ሕፃናት ነው የከፈትነው? እኔን የቁጥር እንቆቅልሽ ያስከለከሉኝ ለዚህ ነው?

አልቀናሁም። አራባ «ቀንተሃል» ስላለችኝ ነው የምጽፈው። ልጅቷ ሒሳብ ላይ ከመቶ ዘጠና አንድ ያመጣች ናት፤ የእኔ ወረቀት ላይ ስሟን ሳትጽፍ የእሱ ላይ መፈረሟ ነው የሚገርመኝ።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 4

ኤኩዋን ወደ ዳቦ አዛወርኳት። አንድ ልጅ ታሞ ስለቀረ እዚያ ሰው ጎድሎ ነበር፤ እዚህ ሠላሳ አንድ ነን፣ ሠላሳ ለአምስት ቡድን በትክክል ይካፈላል። ለሥርዓት ሲባል ነው።

«ቲቸር፣ እኔ ከሄድኩ ኤጃ ኤቦ እንዴት አድርጎ ይሠራል?» አለችኝ።

«እሱ ይህን ሥራ ሲጀምር እናትሽም አልተወለደችም።»

አየችኝ። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ያች ልጅ አፏን ስትዘጋ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ለእሱ ሳትሰናበት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ትክክል ነው ያደረግኩት።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 8

«ልጅቷስ?» አለኝ ገና ከመግባቱ።

«ዳቦ ኮርስ ሰው ጎድሎ ተዛወረች።»

«ማን አዛወራት?»

«ትምህርት ቤቱ።»

«ትምህርት ቤቱ ስም አለው?» አለና ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። ክፍሉ ውስጥ የሠራው ምንም የለም ማለት ይቻላል። ልጆቹ የጀልባውን ቀዛፊዎች እየቆረጡ ሲያመጡለት በጣቱ እየዳሰሰ «ጥሩ፣ ጥሩ» ብቻ ይላል፤ ድሮ አንዲት ክር ዘንበል ካለች ያፈርስ የነበረ ሰውዬ። መደቡን ቤቴ ወስጄ ቆርጬ እጨርሰዋለሁ ብሎ ከማንኬሲም ገበያ የመጣውን የየቀለሙን ጨርቅ በሙሉ ጠቅልሎ ይዞ ሄደ። ፀሐይ ገና ሳትዘቀዝቅ። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ። እኔ ደወል እስኪደወል ከሠላሳ ልጅና ከሠላሳ መቀስ ጋር ቀረሁ።

ኩርፊያ ነው። ከልጅነቱ ያውቅበታል።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 11

በችኮላ። ባንዲራውን ጨርሶ አመጣው፤ አጥፎ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ቆመ።

«ዘርግተህ እይልኝ፣ ፊፊ።»

«ሥራውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። የማርመው ወረቀት አለኝ።»

«አውቃለሁ። ግን አንድ ጊዜ ብቻ እይልኝ።»

ወረቀቴን እያረምኩ «በኋላ» አልኩት። ትንሽ ቆመና ሄደ።

በኋላ ማዳም እየሮጠች መጣች። ለወላጆች ዋትስአፕ ፎቶ ትፈልጋለች፣ አሁኑኑ፣ ብርሃኑ ሳይጠፋ። ሁለት ልጅ ጠርቼ ግቢው ውስጥ አስዘረጋሁት። ስፌቱ እንደ ድሮው አይደለም፣ ግን ከሩቅ ያምራል። መደቡ ቀይ ነው።

«ቲቸር፣ አረንጓዴ ነው አልተባለም እንዴ?» አለ አንደኛው ልጅ።

«ዝም ብለህ ጫፉን ያዝ።»

ፎቶውን አንስቼ ላክሁ። ሐቁን ልጻፍ፤ ቀይ መሆኑን አይቻለሁ። ባለሙያው እሱ ነው፣ ምክንያት ይኖረዋል አልኩ። ቀይ ለገና ያምራል ብዬም አሰብኩ። ከዚያ ወደ ወረቀቴ።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 13

አራባ ስልኳን ፊቴ ላይ ደቀነችው። ፎቶው ከወላጆች ወጥቶ ወደብ ደርሷል፣ ከወደብ ተመልሶ ገበያ ገብቷል።

«ምንድነው የላክኸው አንተ ሰው?»

«ባንዲራ ነዋ።»

«ቀይ? የሁለተኛው ጭፍራ ሰፊ የአንደኛውን ቀይ ቆርጦ፣ ለሰው ሳያሳዩ፣ ግቢ ውስጥ?» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለራሷ ይመስል፣ «ኤቦ? ኤቦ ቀይ ቆረጠ?» አለች።

ገባኝ። ሆን ብሎ ነው። ለአባባ ባንዲራ ነው የሚበቀለኝ። አሥራ አንድ ዓመት አድብቶ፣ በእኔ ክፍል፣ በእኔ ስልክ፣ በእኔ እጅ አስላከው። ዓሣ ሻጮቹ ዛሬ አልተከራከሩኝም፤ ዝም ብለው መዘኑልኝ። እዚህ ከተማ ዝም ብለው ከመዘኑልህ አለቀልህ።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 15

ቤቱ ሄድኩ። ከአባባ ቀብር ወዲህ ደጃፉን ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጧል፣ እጁ ባዶ።

«ሊበቀሉኝ ነው አይደል? በተማሪዎቼ ፊት፣ በትምህርት ቤቴ?»

«ምን ሆንክ?»

«ቀዩን ነው የምልዎት!»

ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ። «ቀይ ነው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ደግሞ ያሾፋሉ? ቀይ ነው ወይ ብለው ይጠይቁኛል?»

ጉልበቱን ያሻል። ከዚያ «አዎ፣» አለ፣ «ቀይ ነው። አውቄ ነው። ሂድ አሁን።»

ተሳድቤ ወጣሁ። ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 16

ማክሰኞ ባሕር አይወጣም። ባሕሩ ቀኑን ለራሱ ይፈልገዋል ይላሉ የእኛ ሰዎች። እኔ የምለው፣ ማክሰኞ የከተማው ወንድ በሙሉ ነገር ለመፈለግ ነፃ ነው።

አምስት ሆነው መጡ። ፊተኛው ሱፒ ዳድዚ ነው፤ ሱፒ ማለት የጭፍራ አለቃ ነው፣ እሱ የአንደኛው። የማዳም ቢሮ ወንበር አልበቃ ብሎ ከክፍል አመጣን። ኤቦንም አስጠርተውታል። ማዳም ለሁሉም ውኃ አቀረበች።

«ልጄ፣» አላት ሱፒው፣ «እኛ ትምህርት አንጠላም። ልጆቻችንን የሰጠንሽም አምነንሽ ነው። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ቀይ የማን ነው?»

ማዳም ወደ እኔ አየች። «ቀይ… የሁሉም አይደለም?»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቀ። የደስታ ሳቅ አልነበረም። «በዚህ ቀለም ሰው ሞቷል፣ የኔ ልጅ» አላት።

ሱፒው ወደ ኤቦ ዞረ። «ሥዕሉን ይዘህ ደጄ የመጣኸው አንተው ነህ። አረንጓዴ ተባብለን ነው የተለያየነው። ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኝ።»

«ተሳስተህ ነው በለን፣ እንሂድ።»

«እኔ ቀለም ስሳሳት አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አለ ኤቦ። «አውቄ ነው የቆረጥኩት።»

ሱፒው ከግራው በኩል ነበር የተቀመጠው። ኤቦ ይህን ሁሉ የተናገረው በቀኙ ላለው ቁም ሣጥን ነው። ከዚያ አፉ ደርቆበት ይሁን እጁን ወደ ውኃው ሰደደ። ብርጭቆው እዚያው ፊቱ ነው። ጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ ወዲህ ሄዱ፣ ወዲያ ሄዱ፣ በሦስተኛው አገኙት።

መቃኑን ይዞ መቆሙ። መስኮቱ። ክሩ። ከፀሐይ በፊት ወደ ቤቱ። ይኼስ፣ ነጭ። ይኼስ፣ ቢጫ። ቀይ ነው?

ሃያ ስድስት ዓመት ልጆችን «የተሰጣችሁን ጻፉ፣ ከዚያ ያልተሰጣችሁን ታገኛላችሁ» እያልኩ አስተምሬያለሁ። የተሰጠኝን ሁሉ በገዛ እጄ እዚህ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ። አንዱንም አልደመርኩም። ዓይኑ ያች ልጅ ነበረች፤ ሠላሳ ለአምስት በትክክል እንዲካፈል ብዬ ዓይኑን ወደ ዳቦ ሰደድኩበት።

ሱፒው እየተናገረ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ የኤቦ መርፌ የአንደኛውን ጭፍራ ጨርቅ አይነካም፤ በገና ማግስት ሰልፍ ላይ ከሁለተኛው ጭፍራ ጋር ይተያያሉ፤ የትምህርት ቤቱ ስፌትም እዚህ ላይ ይበቃል። ኤቦ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይሰማል። የማያይ ባንዲራ ሰፊ ከመባል ነገረኛ ባንዲራ ሰፊ መባልን መርጧል። ነገረኛ ነገ ይታረቃል። የማያይ ግን ሥራው አበቃ።

«ጨርቁን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁሉም ዞረ። ኤቦ ብቻ አልዞረም።

«እሱ አረንጓዴ ብሎ ነበር። ለገና ቀይ ያምራል ብዬ ያስለወጥኩት እኔ ነኝ። ፎቶውንም የላክሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ እኔን ሊሸፍን ነው እንዲህ የሚለው።»

ሱፒው ብዙ አየኝ። ውሸቴ የሚያዝ መሰለኝ። ከዚያ ፊቱ ተፈታ።

«እንዲያ በለኛ!» አለ። «የአባቱን ባንዲራ ከሣጥኑ ላይ የገፈፈ ሰው ቀለም ከየት ያውቃል!»

አምስቱም ሳቁ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኜ በአደባባይ የዋሸሁት ይህ አንድ ውሸት ነው፤ አንድም ሰው አላቅማማም፣ አንድም ሰው አልጠየቀኝም። የሚያስቆጨኝ ይህ ነው።

ቅጣት፤ አንድ በግ፣ ሁለት ጠርሙስ መጠጥ፣ ቅዳሜ በጭፍራው ፊት ቆሜ ይቅርታ። ባንዲራው ዓርብ አረንጓዴ ሆኖ ካልታየ አይታይም።

ግቢው ውስጥ ብቻችንን ቀረን።

«ማን ጠየቀህ?» አለኝ።

«ማንም።» ከዚያ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ምኑ?»

«ኤቦ፣ አንተ ደግሞ።»

አንተ እንዳልኩት የታወቀኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ኤቦ ጫማውን አሸዋው ላይ አሸት አሸት አደረገ።

«ከፋሲካ በፊት ጀምሮ» አለ። «ግን በልጅቷ እየተመራሁ ደህና ነበርኩ። ቀዩና አረንጓዴው ጨርቅ አንድ ዓይነት ነው ፊፊ፣ ድሩም ማጉም። አንድ ሌሊት ሙሉ ዳሰስኩት። ሊለይልኝ አልቻለም።»

አለቀስኩ። ኤቦ የሚያየው አልመሰለኝም ነበር። «አፍንጫህን ጥረግ፣ ልጆች ያዩሃል» አለኝ።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 17

ጊዜ የለም። ዳቦ ክፍል ሄጄ ኤኩዋን በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። እጇ ዱቄት ነበር።

«እኔ እኮ ልነግርዎት ነበር» አለች። «ግን ለማንም አትንገሪ ብሎ አስምሎኛል። ቲቸር፣ እርስዎ ግን ሒሳብ አስተማሪ አይደሉም እንዴ?»

እጇን እስክትታጠብ ቆሜ ጠበቅኳት።

አረንጓዴውን እሷ መረጠች፣ እኔ ቆረጥኩ። መቀስ ከያዝኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ልጆቹ ተገርመው ከበቡኝ። ኤቦ መስኮቱ ሥር ሆኖ የመቀሱን ድምፅ ይሰማል። «ቀጥ አድርግ፣ ታወዛውዘዋለህ» ይለኛል። እንዴት አወቀ?

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 18

ጣቴን ሰባት ጊዜ ወጋሁት። ሠላሳ አንድ ልጅ፣ አንድ መምህር፣ አንድ ኤቦ። ለአምስት ቡድን አይካፈልም፤ አልተካፈልንም፣ ሁላችንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተረባረብን። ማዳም ሦስት ጊዜ መጥታ «ይደርሳል?» አለች። በአራተኛው ኤኩዋ «እርስዎም መርፌ ያንሱና ይደርሳል» አለቻት። አነሳች።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 19

ደረሰ። ሱፒ ዳድዚ ከፊት ወንበር ተቀምጦ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። የእኛም ሽማግሌዎች ነቀነቁ። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ባንዲራውን ይዞ ጨፈረበት፤ መዝሙሩ ከከበሮው ጋር ተጋጨ፣ ዳቦው ጠንካራ ነበር። ወላጆች ወንድሜን እጁን እየጨበጡ አመሰገኑት። ኤኩዋ ከጎኑ ቆማ «የዘጠነኛ ክፍሉ የፓፓ አባት ነው፣ ነጋዴው ነው» እያለች በጆሮው ትነግረዋለች። እሱም በስማቸው ይጠራቸዋል። ማንም ምንም አላወቀም።

ማዳም የግምገማ ቅጽ ሰጠችኝ። «ከኮርሱ ምን ተማሩ?» ይላል። ለተማሪ ነው ለመምህር አይልም። ባዶውን መለስኩት።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 20

ቆምኩ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ሳቁብኝ። በጉ ከእኔ የተሻለ ክብር ተሰጠው። አልቋል።

ኬፕ ኮስት የዓይን ሐኪም ጋር ቀጠሮ ያዝኩለት፣ ለ29። አልሄድም አለ። ትሄዳለህ አልኩት። ገና ያልታረመ የፈተና ወረቀት አርባ ስድስት።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 24

ኤቦ መጣ። ብቻውን፣ የቤቱን አጥር በእጁ እየተከተለ። አራባ ወንበር ስታወጣለት ምንም እንዳልተፈጠረ «ወፈርሽ» አላት። በክንዱ ሥር ላስቲክ ይዟል። አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሳየው አወቅኩት። የአባባ ሣጥን ላይ የነበረው ነው።

«ንገረኝ፣» አለኝ፣ «ምን ይታይሃል?»

«ሰማያዊው ደብዝዟል። ነጩ ቢጫ ሆኗል። የተሰፋበት አዞ ደህና ነው፣ ጥርሱ ሁሉ አለ።»

«ሌላስ?»

ሌላም አለ። ቀኝ ጥግ ላይ ተቀዷል። አራት ጣት ያህል። ልክ እጅ የያዘበት ቦታ።

አልቀደድኩትም ብዬ ነበር። ለፓስተሩ፣ ለአራባ፣ ለዚህ ደብተር ሳይቀር ኖቬምበር 19 ላይ ጽፌያለሁ።

«ተቀዷል» አልኩት።

«አውቃለሁ። ያኔ ዓይኔ ያይ ነበር።» ጣቱን ቅዳዱ ላይ አሳረፈ፤ ፍለጋ አልፈለገም፣ በቀጥታ ነው ያገኘው። «ጭፍራው ስፋው ብሎ ስንት ጊዜ ለመነኝ። እኔ አይደለሁም የቀደድኩት አልኩ። የሚሰፋው ይምጣ ብዬ አስቀመጥኩት።»

አራባ መርፌና ክር አመጣችና ወጥ ቤት ገባች። ክሩን አስገባሁ። ጠርዙን ገጥሜ ሰፋሁ። ኤቦ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ላልቷል። ጠበቅ አድርገው። ፍታው።»

ፈታሁ። ሁለተኛውን «ጠብቋል፣ ይጨማደዳል፣ ፍታው» አለ። ሦስተኛውንም አስፈታኝ። «ሰው ለገና ዋዜማ እንዲህ ይጨቃጨቃል?» ትላለች አራባ ከውስጥ። ያልታረመ ወረቀት አለኝ ልል ነበር፤ አላልኩም።

አራተኛው ላይ ጣቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬደ። ምንም አላለም። አጥፎ ላስቲኩ ውስጥ ከተተና ዓሣው ደርሶ እንደሆነ ጠየቀ።

አባባም እንዲሁ ነበር። ጥሩ ሲሆን ምንም አይልም።